ካፒቴኑ 21 ሺህ አለ፣ ስልኬ 22 ሺህ አለ፤ ማንን ልመን?

የከዚራዋ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወደ ድሬ በባለ ፕሮፔለሯ ስመጣ መስኮት ዳር ደረሰኝ። ስልኬን የበረራ ሞድ ላይ አድርጌ የጂፒኤስ አፕ ከፈትኩና መስታወቱ ላይ አስጠግቼ ያዝኩት። ካፒቴኑ «በ21 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ እየበረርን ነው» ሲል ስልኬ 6,740 ሜትር ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ካልኩሌተር አውጥተው መቱት፤ 22,113 ጫማ ሆነ። ከሺህ ጫማ በላይ ልዩነት!

አፑ ቀላምዶ ነው እንዳልል ቁጥሩ ጸጥ ብሎ ቆሟል፣ ወዲህ ወዲያ አይልም። ድሬ አርፈን ስንቆም ደግሞ 1,160 ምናምን ሜትር አለ፤ እሱ ትክክል ነው አሉኝ። ታዲያ መሬት ላይ ልክ የሆነ ስልክ ሰማይ ላይ ለምን ይዋሻል? ወይስ አውሮፕላኑ ነው ከፍታውን በትክክል የማያውቀው? ሌላ አውሮፕላን በእውነተኛው 22 ሺህ ላይ ቢመጣብንስ? የምታውቁ አስረዱኝ፣ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ለገሃር ሰፈር፦

አቦ አንቺ ደግሞ! በዚያች ስክሪኗ በተሰነጠቀች ስልክ ከካፒቴን ጋር ትከራከሪያለሽ? ጂፒኤስ በመስኮት ሲሆን ይዛባል፣ አለቀ ደቀቀ። ተኚ።

ባሮሜትር አንባቢው፦

አላለቀም። ስልክሽም ልክ ነው፣ ካፒቴኑም ልክ ነው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ ድረስ የአየር ሁኔታ ታዛቢ ነበርኩ። ለአውሮፕላን የሚነገረውን የአየር ግፊት አንብቦ መስጠት እንጀራዬ ነበር፤ ስለዚህ ባስረዝም ታገሱኝ።

ለአብራሪው ከፍታ የሚነግረው፣ አልቲሜትር የሚባለው መሣሪያ የሚያውቀው የአየርን ግፊት ብቻ ነው። በድሮዎቹ ውስጥ አየሩ ተመጥጦ የታሸገ ስስ የብረት ዕቃ አለ። ውጭ ያለው አየር ሲሳሳ ያብጣል፣ ሲከብድ ይሟሽሻል፤ ያቺ ትንሽ እንቅስቃሴ በጥርሳ ጥርስ ተባዝታ መርፌውን ታዞረዋለች። በአዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ኮምፒውተር ገብቶበታል፣ የሚለካው ግን ያው ግፊት ነው። ግፊቱ ወደ ጫማ የሚቀየረው ዓለም በተስማማበት አንድ ሠንጠረዥ ነው፦ ባሕር ወለል ላይ 1013.25 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው)፣ 15 ዲግሪ ሙቀት፣ ከዚያ በየሺህ ጫማው 2 ዲግሪ ገደማ እየቀነሰ ይሄዳል።

በዚህ ሠንጠረዥ መሠረት 3,827 ጫማ ላይ ያለው የድሬ ማኮብኮቢያ ሙቀቱ 7 ዲግሪ ተኩል መሆን ነበረበት። ድሬ! ሰባት ተኩል! በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ የምንደርብበት ብርድ እንኳ እዚያ አይደርስም። የእኛ አየር ከታች እስከ ላይ ከሠንጠረዡ ይሞቃል፤ የሞቀ አየር ደግሞ እንደ ቦካ ሊጥ ወደ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ሠንጠረዡ «21 ሺህ ጫማ ላይ ነው የሚገኘው» የሚለው ግፊት እኛ ሰማይ ላይ ከዚያ ከፍ ብሎ ይገኛል። አብራሪዎች የሚይዙት ግምት አለ፤ አየሩ ከሠንጠረዡ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ እውነተኛው ከፍታ በ4 በመቶ ገደማ ይበልጣል። በአማካይ 12 ዲግሪ ሞቅ ያለ ነው ብንል በ21 ሺህ ጫማ ላይ አንድ ሺህ ጫማ መጣልሽ። የቀረችው መቶ ምናምን ጫማ የዕለቱ ግፊት ከ1013 በጥቂት ሄክቶፓስካል ከፍ ማለቱ ነው። ይኸው ሒሳብሽ ተዘጋ።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። በከፍታ ሲበርሩ ሁሉም አውሮፕላኖች የአልቲሜትራቸውን ግፊት መሙያ 1013 ላይ ያደርጋሉ፤ ከጅቡቲ የተነሣውም፣ ከጅግጅጋ የተነሣውም፣ ከቦሌ የተነሣውም። የአንቺ 21 ሺህ በእውነቱ 22 ሺህ ሲሆን፣ እዚያው ሰማይ ላይ «22 ሺህ» የሚለው ደግሞ 23 ሺህ ላይ ነው ያለው። ሁሉም በአንድ ሚዛን ስለሚለካ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይጠፋም። ሁሉም የተነሣበትን ከተማ ግፊት ይዞ ቢሄድ ኖሮ ነበር የሚያስፈራው፤ አንዱ በባሕር ዳሯ ጅቡቲ ልክ፣ አንዱ በአዲስ አበባ ልክ እየለካ መሣሪያቸው ሁለት የተለያየ ቁጥር እያሳየ በአንድ ከፍታ ላይ ሊገናኙ ይችላሉ። ለዚህ ነው በ1013 የሚቆጠረውን ከፍታ ጫማ ብለው የማይጠሩት፣ ፍላይት ሌቭል 210 የሚሉት። ካፒቴኑ ለእናንተ ሲል ነው «21 ሺህ ጫማ» ያለው።

ቁጥሩም በዘፈቀደ አይሰጥም። ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጎዶሎ ሺህ ይይዛል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሙሉ። ከአዲስ ወደ ድሬ ምሥራቅ ነው፤ 19፣ 21፣ 23። ከድሬ የሚመለሰው 18፣ 20፣ 22። ፊት ለፊት የሚመጡት በቁጥር ሳይቀር ተለያይተዋል።

ከመሬት አጠገብ ግን ይህ ስምምነት አይሠራም፤ ደንገጎ ተራራ አልቲሜትር የለውም፣ አይስማማም። እዚያ የእኔ ሥራ ይጀምራል። አውሮፕላኑ ወርዶ ወደ ማረፊያው ሲቃረብ ታወር የዕለቱን ግፊት ይነግረዋል፤ ኪው ኤን ኤች ይሉታል። ማኮብኮቢያው ላይ የሚነበበው ጥሬ ግፊት 880 አካባቢ ነው። እሱ በሠንጠረዡ ወደ ባሕር ወለል ይመለስና ለምሳሌ 1018 ይሆናል። አብራሪው 1018 ሲሞላ መርፌው መሬት ላይ 3,827 ያሳያል። ረስቶ 1013 ላይ ቢተወው 140 ጫማ ያህል አሳንሶ ያሳየዋል። ይህኛው እንኳ ወደ ደጉ ነው፤ ከመሬት የራቀ ሆኖ ቀረብኩ ብሎ ያስባል። የዕለቱ ግፊት 1008 ሆኖ 1013 ላይ ቢተወው ነው ጉዱ።

በሜርኩሪው ባሮሜትር ዘመን አነባበቡ ወግ ነበረው። መጀመሪያ የሚነበበው የባሮሜትሩ ሜርኩሪ አይደለም፣ ከጎኑ ያለው ቴርሞሜትር ነው፤ ሰው አጠገቡ ሲቆም የገላው ሙቀት ስለሚያዛባው። ከዚያ ቱቦውን በጣት ጫፍ መታ መታ አድርገሽ የሜርኩሪውን ጉብታ ታስተካክያለሽ፣ መለኪያዋን አውርደሽ ጉብታው ጫፍ ላይ ታሳርፊያለሽ። ውጤቱ 1018.9 ቢመጣ እንኳ የሚነገረው 1018 ነው፤ ሁልጊዜ ወደ ታች ይጠጋል። ለምን እንደሆነ ከላይ ካልኩት ታገኚዋለሽ፤ ስሕተቱ አውሮፕላኑን ወደ ሰማይ እንጂ ወደ መሬት እንዳይገፋው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ፣ በእኛ አገር ግፊቱ በቀን ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል። ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ይወጣል፣ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ ማታ 4 ላይ ይወጣል፣ ሌሊት 10 ላይ ይወርዳል። ዝናብም ይሁን ሐሩር፣ ሰዓቱን አይስትም። ፀሐይ አየሩን እያሞቀች የምታነሣው ማዕበል ነው። ጥቂት ሄክቶፓስካል ናት፣ ግን አንዷ ሄክቶፓስካል እዚህ 30 ጫማ ያህል ስለሆነች የጠዋቱን ቁጥር ለከሰዓት በኋላው አውሮፕላን መስጠት አይቻልም።

ጀጎል ዳር፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልን። የሐረር ሰው ይህን ሁሉ ያለ መሣሪያ ያውቀዋል። ሐረር ላይ የጠጣችሁበትን ሃይላንድ ባዶውን ክዳኑን ጥብቅ አድርጋችሁ ዝጉና በሚኒባስ ወደ ድሬ ውረዱ። አወዳይን፣ ሐረማያን አልፋችሁ ደንገጎ እስክትደርሱ ምንም አይሆንም። ከደንገጎ ቁልቁል ጠመዝማዛውን ስትጀምሩ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ድሬ ስትገቡ ጎኑ ገብቷል።

የእኔ ስልክ ባሮሜትር አለው፣ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጬ አይቼዋለሁ። ሐረር ሸዋ በር 813፣ ድሬ ለገሃር 880። ይህ አልቲሜትር ይባላል ካላችሁ እኔም አውሮፕላን ነኝ።

ለገሃር ሰፈር፦

እሺ ተረታሁ፣ ስልኳን አትሽጥ። ግን ሃይላንዱን ድሬ ዘግቼ ሐረር ብወስደውስ?

ጀጎል ዳር፦

ይወጠራል። የቆርቆሮ ለስላሳ ከሆነ ደግሞ ሐረር ላይ ስትከፍተው ሸሚዝህን ያጥብልሃል። ድሬዎች ከእኛ ዘንድ ስትመጡ ቀስ ብላችሁ ክፈቱ።

ሳቢያን ተማሪ፦

አንድ ያልገባኝ ነገር። ጂፒኤስ እውነተኛውን ከፍታ ካወቀ ለምን ሁሉም አውሮፕላን ጂፒኤስ አይጠቀምም? ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ መሣሪያ ላይ ለምን ሙጭጭ ይላሉ?

ባሮሜትር አንባቢው፦

ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ንቀትህን ግን ቀንስ። ያ መሣሪያ ግፊት መሙያ ማዞሪያ ያለው ሆኖ የተሠራው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው፤ ፖል ኮልስማን የሚባል ሰው ነው የሠራው። በማግስቱ ዓመት አሜሪካዊው አብራሪ ጂሚ ዱሊትል ኮክፒቱ (የአብራሪው ክፍል) ተሸፍኖበት፣ ውጭ ሳያይ በመሣሪያ ብቻ ተነሥቶ ሲያርፍ ከፍታውን የነገረው ይኸው መሣሪያ ነው። እስከ ዛሬ የተሞላው ግፊት የሚነበብበትን ትንሽ መስኮት በኮልስማን ስም ይጠሩታል።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፦ ግፊት ከውጭ ማንም አይልክልህም፣ አየሩ እዚያው አለ። የጂፒኤስ ምልክት ከሳተላይት የሚመጣ ደካማ ምልክት ነው፤ የሚያፍነው፣ የሚያታልለውም አለ። በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በኩል የሚበርሩ አብራሪዎችን ጠይቃቸው። ደግሞ ሞተሩም ክንፉም የሚሠሩት በአየሩ ነው፤ ለእነሱ የሚጠቅማቸው አየሩ ምን ያህል ስስ እንደሆነ እንጂ ከባሕር ስንት ሜትር እንደራቁ አይደለም። ከሁሉም ትልቁ ግን፣ ዓለም በሙሉ በአንድ ሌሊት ካልተቀየረ በቀር ግማሹ በግፊት ግማሹ በጂፒኤስ ቢበርር የከዚራዋ ልጅ የፈራችው ነገር ያኔ ይመጣል። ለማረፊያ አቀራረብ ግን በጂፒኤስ ከፍታ የሚወርዱበት ዘዴ አለ፣ ጨርሶ አልተተወም።

እውነተኛው ከፍታ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ለማየት ክረምት ላይ ወደ አውሮፓ የሚሄድ ሰው ስልኩን ይያዝ፤ የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው። አውሮፕላኑ አንድ ፍላይት ሌቭል ላይ ሆኖ፣ ካፒቴኑ ምንም ሳይነካ፣ ከእኛ ሞቃት ሰማይ ወደ እነሱ ብርድ ሲገባ የጂፒኤሱ ቁጥር ቀስ እያለ ከ2 ሺህ ጫማ በላይ ሊወርድ ይችላል። ተሳፋሪው ቡናውን እየጠጣ ነው።

ብርድ ነው እንግዲህ የሚያስፈራው፣ ሙቀት አይደለም። በብርድ አየር መርፌው ከእውነቱ አብልጦ ያሳያል፤ ተራራውን አልፌዋለሁ ብለህ አላለፍከውም። የእኛ ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር በላይ ነው፣ ግን አየራችን ሞቃት ስለሆነ መርፌው የሚሳሳተው ወደ እኛ ጥቅም ነው። ካናዳና ኖርዌይ ለብርድ የሚደምሩት ማስተካከያ ሠንጠረዥ አላቸው።

የበረራ ተማሪ፦

ጋሼ የተናገሩት ላይ ትንሽ ልጨምር። የጎዶሎና ሙሉ ሺህ ሕግ በእኛ ሰማይ ድሮ እስከ ላይ ድረስ አይሄድም ነበር። ከ29 ሺህ በላይ ልዩነቱ 2 ሺህ ጫማ ነበር፤ ምክንያቱም አየሩ እየሳሳ ሲሄድ አንዷ ሄክቶፓስካል ብዙ ጫማ ትይዛለች፣ የመሣሪያው ትንሽ ስሕተት ትልቅ ይሆናል። መሣሪያዎቹ ጥራታቸው ሲጨምር በአፍሪካ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ 41 ሺህ ድረስ በሺህ ጫማ ሆኗል። ፈቃድ ያለው አውሮፕላን ብቻ ነው የሚገባው፤ ሁለት አልቲሜትሮቹ መቀራረባቸው እየታየ።

ግፊት በስሕተት ስለመሙላት ደግሞ ትምህርት ቤት ሁልጊዜ የሚነሣው የፓሪሱ ነው። ግንቦት 2022 እ.ኤ.አ.፣ ሻርል ደ ጎል አውሮፕላን ማረፊያ። ከበረራ ተቆጣጣሪ 1001 መባል ሲገባው 1011 ተባለ። 10 ሄክቶፓስካል፣ 280 ጫማ። ዝናብ ነበር፣ ማኮብኮቢያው አይታይም። ኤርባስ 320ው ማኮብኮቢያው ሳይደርስ ከመሬት 6 ጫማ ድረስ ወርዶ ነው ተነሥቶ የዞረው። ስድስት ጫማ የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። ሰው አልተጎዳም። አንዲት አኃዝ ናት፤ ኮክፒቱ ውስጥ ያሉት የግፊት አልቲሜትሮች በሙሉ ተስማምተው ነበር፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ስለተሞሉ።

ባሮሜትር አንባቢው፦

እሱን ሳነብ እጄ ነው የቀዘቀዘው። እኛ ዘንድ ቁጥር ሲነገር አንድ በአንድ ነበር፤ «አንድ፣ ዜሮ፣ አንድ፣ ስምንት»፣ ሰሚው ደግሞ መልሶ ይላል። በሬዲዮ ለሰሚ ይሰለቻል፣ ይሰልች። ግን መልሶ ማለትም የሚያድነው ነጋሪው ራሱ ልክ ሲሆን ነው። የፓሪሱ ሰምቶ መልሶ ያለው የተነገረውን ነው፣ የተነገረው ነው የተሳሳተው። ስለዚህ አሁን አብራሪው በቀረጻ የሰማውን፣ በጽሑፍ ያገኘውን ከታወር ጋር ያስተያያል።

የከዚራዋ ልጅ፦

ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ገባኝ። አንድ የመጨረሻ፦ እናቴ በመጋቢት ከድሬ በከሰዓት በኋላ በረራ ስትሄድ «ክብደት በዝቷል» ተብሎ ሻንጣዋ ለነገ ጠዋት ቀረ። አውሮፕላኑ ውስጥ ባዶ ወንበር ነበር አለች። ሰውዬው «ሙቀቱ ነው» ሲላት አላመነችም። ይህም ከግፊት ጋር ይያያዛል ወይስ ሰበብ ነው?

ባሮሜትር አንባቢው፦

የእናትሽን ሻንጣ ማን ምን እንዳደረገው አላየሁም፣ ግን «ሙቀቱ ነው» የሚለው ባዶ ሰበብ አይደለም። የሞቀ አየር ስስ ነው። ክንፍም ፕሮፔለርም ሞተርም የሚይዙት ያንሳቸዋል፤ አውሮፕላኑ ለመነሣት ብዙ ይሮጣል፣ ከተነሣም በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። በድሬ ከሰዓት በኋላ 35 ዲግሪ ሲሆን ከሠንጠረዡ በ27 ዲግሪ በላይ ነው። በየዲግሪው 120 ጫማ ገደማ ጨምሪበት። ማኮብኮቢያው 3,827 ጫማ ላይ ነው ያለው፣ አየሩ ግን 7 ሺህ ጫማ ላይ እንዳለ አየር ሆኖ ነው አውሮፕላኑን የሚጠብቀው። ቦሌ 7,625 ነው። ድሬ ከቦሌ ዝቅ ማለቷ ከሚሰጣት ጥቅም ብዙውን የከቀትር በኋላ ሙቀት ይወስድባታል ማለት ነው።

በዚያ ላይ ወንበር ባዶ መሆኑ ብቻውን አይፈርድም፤ ነዳጁም ይመዘናል፣ ጭነቱም ይመዘናል። ነፋሱ ከየት እንደሆነም ይታያል። እናትሽ ቀጥሎ ስትሄድ የጠዋቱን ትያዝ፤ 1 ሰዓት ላይ ድሬ 20 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከሺህ አምስት መቶ ጫማ በላይ ታተርፋለች። ሻንጣው ውስጥ የድሬ ብርቱካን ካለ ደግሞ ይዛው ወንበሯ ሥር ታስገባው፣ ስለ እሱ እኔም ዋስ አልሆንም።